ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ለሚገኝ ወገኖች የሚሰጥ የአፍ ካንሰር ሕክምና፦ ሁለቱ ሕክምናዎች ለምን አብረው መሄድ አለባቸው?

በአፍ ውስጥ ቁስል ወይም እብጠት ሲወጣ ብዙ ሰው «ምች ነው» ወይም «ጥርስ ነው» ብሎ ይተወዋል። ዳማከሴ ይቀባል፣ ጥርሱን ያስነቅላል፣ አለያም በራሱ ይድናል ብሎ ይጠብቃል። አብዛኛው የአፍ ቁስል በእርግጥም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናል። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ የሚገኝ ሰው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል፣ በላንቃው ላይ የወጣ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወይም በድዱ ላይ በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ካየ ጊዜ ሳይሰጥ ሊመረመር ይገባል። ከእነዚህ ምልክቶች ጀርባ አንዳንድ ጊዜ ካንሰር ሊኖር ስለሚችል ነው።

ይህ ጽሑፍ ከኤች አይ ቪ ጋር ተያይዘው በአፍ ውስጥ የሚከሰቱ የካንሰር ዓይነቶችን፣ ምርመራቸውንና ሕክምናቸውን ያብራራል። ዋና መልእክቱም አንድ ነው፦ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናና የካንሰር ሕክምና አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱን ለመጀመር ሲባል ሌላውን ማቋረጥ አይገባም።

ኤች አይ ቪ እና የአፍ ካንሰር እንዴት ይገናኛሉ?

ኤች አይ ቪ በራሱ የአፍ ሕዋሳትን ወደ ካንሰርነት አይለውጥም። ቫይረሱ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ሲያዳክም ግን ጤነኛ አካል ተቆጣጥሮ ያቆያቸው የነበሩ ሌሎች ቫይረሶች ዕድል ያገኛሉ። ከእነዚህም መካከል ካፖሲ ሳርኮማን የሚያስከትለው የሰው ሄርፒስ ቫይረስ 8፣ ከሊምፍ ካንሰር ጋር የሚያያዘው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ እንዲሁም የማኅፀን በር ካንሰርንና የተወሰኑ የጉሮሮ ካንሰሮችን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይገኙበታል።

ካፖሲ ሳርኮማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1872 በቪየና ይሠራ በነበረው ሐኪም ሞሪትዝ ካፖሲ ነው። ለረጅም ዘመን ብርቅ ሆኖ የቆየው ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በወጣቶች ላይ በድንገት መታየቱ የኤድስ ወረርሽኝ መጀመሩን ካመላከቱ ምልክቶች አንዱ ሆነ። መንስኤው የሆነው ቫይረስ የተገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ቫይረሱ በዋናነት በምራቅ ይተላለፋል፤ በአፍሪካም በስፋት ይገኛል። ይሁንና ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰሩ አይይዛቸውም። ወሳኙ ነገር የሰውነት የመከላከል አቅም ነው፤ ይህን አቅም መልሶ የሚገነባው ደግሞ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው።

በአፍ ውስጥ የሚታዩት ሦስቱ ዋና ዋና የካንሰር ዓይነቶች

1. ካፖሲ ሳርኮማ፦ አብዛኛውን ጊዜ በላንቃ ላይ፣ ቀጥሎም በድድና በምላስ ላይ ይወጣል። ሲጀምር ጠፍጣፋ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ይመስላል፤ አያምም። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ሳያስተውሉት ይቆያሉ። እየቆየ ሲሄድ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል፤ መብላትንና መናገርንም ያስቸግራል። በአፍ ውስጥ የታየ ካፖሲ ሳርኮማ በቆዳ፣ በሳንባና በአንጀት ላይም ሊኖር ስለሚችል፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ካለ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

2. የሊምፍ ካንሰር (ሊምፎማ)፦ በድድ፣ በላንቃ፣ በቶንሲል ወይም በመንጋጋ አጥንት ላይ በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ሆኖ ይታያል። ጥርስ ይነቃነቃል፣ ከንፈር ወይም አገጭ ይደነዝዛል። ብዙ ጊዜ የጥርስ መግል ነው ተብሎ ጥርስ ይነቀላል፤ የተነቀለበት ቦታ ግን አይድንም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ሊከተሉ ይችላሉ። እነዚህ የቲቢ ምልክቶችም ስለሆኑ ለሁለቱም መመርመር ይገባል።

3. የአፍ ሽፋን ሕዋሳት ካንሰር፦ ኤች አይ ቪ በሌለባቸው ሰዎችም ዘንድ በብዛት የሚታየው የአፍ ካንሰር ይህ ነው። በምላስ ጠርዝ፣ ከምላስ ሥር፣ በድድና በጉንጭ ውስጥ ይወጣል። ዋና ዋና አጋላጮቹ ትምባሆና አልኮል ናቸው፤ ሁለቱ ሲደመሩ አደጋው በእጅጉ ይጨምራል። ጠርዙ ጠንከር ያለና የማይድን ቁስል፣ ሲፈገፈግ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ሽፋን፣ በአንገት ላይ የሚዳሰስ ጠንካራ እብጠት የዚህ በሽታ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁሉም የአፍ ችግር ካንሰር እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ለምሳሌ በካንዲዳ ፈንገስ ምክንያት የሚመጣው ነጭ ሽፋን ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ በሚገኝ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ በፀረ ፈንገስ መድኃኒትም ይድናል። ልዩነቱን የሚያረጋግጠው ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

አፍዎን በቤትዎ እንዴት ይመለከታሉ?

በወር አንድ ጊዜ፣ እጅዎን ታጥበው፣ ብርሃን ባለበት ቦታ በመስታወት ፊት የሚከተሉትን ያከናውኑ።

• ከንፈርዎን ገልብጠው ውስጡንና ድድዎን ይመልከቱ።
• ጉንጭዎን በጣትዎ ገለጥ አድርገው ሁለቱንም ወገን ያስተያዩ።
• ምላስዎን አውጥተው ላዩንና ሁለቱን ጠርዞች ይመልከቱ፤ ከዚያም ወደ ላይ አንስተው ሥሩን ይመልከቱ።
• ራስዎን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው ላንቃዎን ይመልከቱ። በእጅ ስልክ መብራት መጠቀም ይቻላል።
• አንገትዎን በሁለቱም ወገን በመዳሰስ እብጠት መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚጠቀሙ ከሆነ አውልቀው ይመልከቱ። አዲስ ነገር ካዩና በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ ቀጠሮዎ እስኪደርስ ሳይጠብቁ የፀረ ኤች አይ ቪ ክትትል ወደሚያደርጉበት ጤና ተቋም ይሂዱ። መድኃኒት ለመውሰድ በሚመጡበት ቀንም ባለሙያው አፍዎን እንዲመለከትልዎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ካንሰር መኖሩ የሚረጋገጠው ከእብጠቱ ወይም ከቁስሉ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ናሙናው የሚወሰደው ቦታው በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ነው። «ካንሰር በምላጭ ከተነካ ይሰራጫል» የሚለው አባባል ብዙዎችን ከምርመራ ያስቀራል፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። በአንጻሩ ያለ ናሙና ሕክምና መጀመር ለስህተት ይዳርጋል። ለምሳሌ ካፖሲ ሳርኮማን የሚመስል በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ አለ፤ እርሱ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። በዓይን ብቻ አይቶ የፈረደ ባለሙያ ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል።

ካንሰሩ ከተረጋገጠ በኋላ ምን ያህል እንደተስፋፋ ለማወቅ እንደ ዓይነቱ የአንገት፣ የደረትና የሆድ ምስል ምርመራ ይደረጋል። የደም ሕዋሳት፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የሲዲ4 ቁጥር፣ የኤች አይ ቪ መጠን፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የቲቢ ምርመራም ከሕክምናው በፊት ይሠራሉ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ውጤት በተለይ ለሊምፍ ካንሰር ታካሚዎች አስፈላጊ ነው፤ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች ተደብቆ የቆየውን የጉበት ቫይረስ ሊቀሰቅሱ ይችላሉና።

ሕክምናው

ቀድሞ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው የካንሰር ሕክምናን አይችለውም ተብሎ መጠኑ ይቀነስበት ወይም ጨርሶ ይከለከል ነበር። ዛሬ የተለየ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ኤች አይ ቪ የሌለበት ሰው የሚያገኘውን ያህል የተሟላ የካንሰር ሕክምና ሊያገኝ ይገባዋል። በደም ውስጥ ቫይረሱ መኖሩ ብቻውን ሕክምናን ለመቀነስ ምክንያት አይሆንም።

ካፖሲ ሳርኮማ፦ የሕክምናው መሠረት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። በሽታው በላንቃ ላይ በተወሰነ ጠፍጣፋ ነጠብጣብ ብቻ ከተገኘ የመከላከል አቅሙ እየጎለበተ ሲሄድ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ሊጠፋ ይችላል። እብጠቱ ትልቅ ከሆነ፣ ከቆሰለ፣ በአፍ ውስጥ ከተስፋፋ ወይም ሳንባንና አንጀትን ከነካ ግን ኬሞቴራፒ ይጨመራል። ለዚህ ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች መካከል ፓክሊታክሴል፣ ሊፖሶማል ዶክሶሩቢሲን፣ እንዲሁም ብሊዮማይሲን ከቪንክሪስቲን ጋር ይገኙበታል። በኬንያ፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዩጋንዳ፣ በዚምባብዌና በብራዚል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ ጥናት በሽታው በተስፋፋባቸው ታካሚዎች ላይ ፓክሊታክሴል ከፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ጋር ሲሰጥ ከሌሎቹ አማራጮች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አዲስ የጀመሩ አንዳንድ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት እብጠቱ እንደ መባባስ ሊልባቸው ይችላል። ይህ የሚሆነው የነቃው የመከላከል ኃይል በሽታውን በመቋቋም ላይ ስለሆነ ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብለው ያቆማሉ። ማቆም አይገባም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ግን ያስፈልጋል። ከዚህም ጋር እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ካፖሲ ሳርኮማን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድ አደገኛ ነው።

የሊምፍ ካንሰር፦ በፍጥነት የሚያድግ በመሆኑ ሕክምናውም በፍጥነት መጀመር አለበት። በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ የሚወጣ ሳይሆን በርካታ መድኃኒቶችን በማጣመር በኬሞቴራፒ የሚታከም ነው። በብዛት በሚሰጠው አሠራር መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ፣ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ዙር ይሰጣል። እንደ ካንሰሩ ዓይነት ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ሊጨመር ይችላል። ፕሬድኒሶሎን በዚህ ሕክምና ውስጥ የታወቀ ቦታ አለው፤ ሐኪሙ እስካዘዘው ድረስ መውሰድ ያስፈልጋል። እብጠቱ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ቢጠፋ እንኳ የቀሩትን ዙሮች መተው በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል።

የአፍ ሽፋን ሕዋሳት ካንሰር፦ ገና በጅምሩ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል። ወደ አንገት ዕጢዎች ከዘለቀ ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና፣ አንዳንድ ጊዜም ሲስፕላቲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት በአንድነት ይሰጣሉ። የጨረር ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ወይም ለሰባት ሳምንታት ይቀጥላል። በመሃል ቀናት መዝለል ውጤቱን ይቀንሳል፤ ስለሆነም ከክልል የሚመጡ ታካሚዎች ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ማረፊያቸውን ቢያመቻቹ መልካም ነው።

በሽታው በጣም ገፍቶ መዳን በማይቻልበት ጊዜም ሕክምና አያበቃም። ሕመምን የሚያስታግስ፣ ደምን የሚያቆም፣ መዋጥን የሚያቃልል የማስታገሻ ሕክምና አለ። ሞርፊንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በሐኪም ክትትል ሲሰጡ ታካሚው ያለ ከባድ ሥቃይ እንዲኖር ያደርጋሉ። ይህን መጠየቅ ተስፋ መቁረጥ አይደለም።

መድኃኒቶቹ ሲገናኙ

ሁለት ሕክምና የሚወስድ ሰው ሁለት ሐኪሞች አሉት። ችግር የሚፈጠረው አንዱ ሌላው ያዘዘውን ሳያውቅ ሲቀር ነው። የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅማል።

• በአገራችን በአብዛኛው በመጀመሪያ ደረጃ የሚሰጠው፣ ዶሉቴግራቪር ያለበት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ እንክብል ከአብዛኞቹ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር አይጋጭም።
• በሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ከአታዛናቪር ወይም ከሎፒናቪር ጋር የሚሰጠው ሪቶናቪር እንደ ቪንክሪስቲንና ፓክሊታክሴል ያሉ መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ ከሚገባው በላይ እንዲከማቹ ያደርጋል። ውጤቱም የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ከባድ የሆድ ድርቀትና የደም ሕዋሳት መቀነስ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞቹ ከተነጋገሩ መድኃኒቱን መቀየር ወይም መጠኑን ማስተካከል ይችላሉ።
• ዚዶቩዲን የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲደመር ጉዳቱ ይበረታል።
• ቴኖፎቪርና ሲስፕላቲን ሁለቱም ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ አብረው ሲሰጡ የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው መደረግ አለበት።
• ለጨጓራ የሚሰጡ የአሲድ ማርገቢያዎች፣ የብረትና የካልሲየም እንክብሎች ዶሉቴግራቪር በሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ያግዱታል። ዶሉቴግራቪርን ከእነርሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ ይገባል።

ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስንም የሚቆጣጠሩ መድኃኒቶች ናቸው። በመሆኑም ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ቢያቆም ጉበቱ ለከባድ ጉዳት ሊጋለጥ ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኬሞቴራፒ የጀመረች ታካሚ ያስመልሳታል፤ አፏ ስለቆሰለ እንክብል መዋጥ ይከብዳታል። «መጀመሪያ ካንሰሩን ልዳን፣ ያኛውን በኋላ እቀጥላለሁ» ብላ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ታቆማለች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ይባዛል፤ የመከላከል አቅሟ ይወርዳል፤ ኢንፌክሽን ይይዛትና የካንሰር ሕክምናውም ይቋረጣል። ሸክሙን ለማቅለል ብላ ያደረገችው ነገር ሁለቱንም ሕክምናዎች ያሳጣታል። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ለማስመለሱ መድኃኒት ማስታዘዝ፣ ለአፍ ቁስሉ ማደንዘዣ ያለው መጉመጥመጫ መጠየቅ፣ እንክብሉ ተፈጭቶ መወሰድ መቻል አለመቻሉንም ከፋርማሲ ባለሙያ መረዳት።

ከጨረር ሕክምና በፊት የጥርስ ዝግጅት

አፍና መንጋጋ ላይ ጨረር የሚሰጠው ሰው አስቀድሞ የጥርስ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጨረር የመንጋጋ አጥንትን የደም ዝውውር ስለሚቀንስ ከሕክምናው በኋላ ጥርስ ቢነቀል ቁስሉ ላይድንና አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የማይጠገን ጥርስ ካለ ጨረሩ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ተነቅሎ ቁስሉ መሻር አለበት። ሕክምናው ካበቃ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት ጨረር እንደተሰጥዎት ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ። ጨረር ምራቅን ስለሚያደርቅ ጥርስ በቀላሉ ይበሰብሳል፤ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በየቀኑ መቦረሽና ጣፋጭ ነገር መቀነስ ያስፈልጋል።

በሕክምና ወቅት አፍን መንከባከብና መመገብ

ኬሞቴራፒም ሆነ ጨረር የአፍን ሽፋን ያቆስላል። ቁስሉ ሕክምናው ሲያበቃ የሚድን ቢሆንም በመሃል ምግብን ያስጠላል። ሕመሙን ለመቀነስ፦

• አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በማሟሟት በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይጉመጥመጡ፤ አይዋጡት። በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ።
• ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠቀሙ። በመፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ድድ እንዳይቆስል ለጊዜው ይተዉት።
• አልኮል ያለበትን መጉመጥመጫ አይጠቀሙ።
• በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ የሚያቃጥል ቡናና ሻይ እንዲሁም ደረቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎን ያስወግዱ።
• አጥሚት፣ በሶ ብጥብጥ፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ፣ ለዘብ ያለ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ሙዝና አቮካዶ ለመዋጥ ይቀላሉ፤ ጉልበትም ይሰጣሉ። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይመገቡ።
• ኬሞቴራፒ በሚወስዱበት ጊዜ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት አይውሰዱ። የመከላከል አቅም ዝቅ ባለበት ጊዜ እነዚህ ለከባድ ኢንፌክሽን ይዳርጋሉ።

ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የሙቀት መጠንዎ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ከአፍዎ የሚፈስ ደም አልቆም ካለ፣ መተንፈስ ወይም ውሃ መዋጥ ካቃተዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ኬሞቴራፒ በመውሰድ ላይ መሆንዎን በመጀመሪያ ይናገሩ። በዚህ ጊዜ ትኩሳት በማስታገሻ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የመጀመሪያው በር የፀረ ኤች አይ ቪ ክትትል የሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ያላደረገ ሰው አጠራጣሪ የአፍ እብጠት ሲያጋጥመው ምርመራውን አብሮ ቢያደርግ ሕክምናው በትክክለኛው መንገድ እንዲመራ ይረዳል። ጤና ተቋሙ ናሙና መውሰድ የማይችል ከሆነ በሪፈር ወረቀት ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይልካል። የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ይሰጣል። የትኛው ተቋም እንደሚቀርብዎና ወረፋው የት እንደሚያጥር ከሚልክዎ ሐኪም ጋር ይመካከሩ።

ወደ ካንሰር ሕክምና ሲሄዱ የሚከተሉትን ይያዙ፦ የሪፈር ወረቀት፣ የናሙና ውጤት፣ የምስል ምርመራዎች፣ የፀረ ኤች አይ ቪ ክትትል ካርድ፣ የቅርብ ጊዜ የቫይረስ መጠን ውጤት እና የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነመያዣቸው። የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሳይደብቁ ይናገሩ።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ሕክምናውን ለመከታተል ከመኖሪያ አካባቢዎ ርቀው የሚቆዩ ከሆነ ክትትል የሚያደርጉበት ተቋም ለቆይታዎ የሚበቃ መድኃኒት እንዲሰጥዎ ወይም በጊዜያዊነት ወደ ሌላ ተቋም እንዲያዛውርዎ ይጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ሰንሰለቱን ጠብቀው መሄድ ይኖርባቸዋል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ወገኖች ስለ ነፃ ሕክምና ማስረጃ በሚኖሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ አስቀድመው መጠየቅ ይችላሉ።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

ለካንሰር ሐኪሙ ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ መናገር አለብኝ? አዎ፤ ከላይ እንደተገለጸው የመድኃኒቶቹን ግጭት መከላከል የሚቻለው ሐኪሙ ሲያውቅ ብቻ ነው። መረጃዎ የሕክምና ምስጢር ነው፤ ለሕክምናዎ ከማያስፈልግ ሰው ጋር ሊወራ አይገባም። አስታማሚዎ እንዲያውቅ የማይፈልጉ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ለብቻ እንዲነጋገሩ ይጠይቁ።

የአፍ ካንሰር ወደ ቤተሰብ ይተላለፋል? አይተላለፍም። ከታማሚው ጋር አብሮ መብላት፣ ማጉረስም ሆነ መሳም ካንሰርን አያስተላልፍም። ታማሚን ከገበታ መለየት በሽታው ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

በፀበል ወይም በዱዓ ላይ ነኝ፤ መድኃኒቱን ማቆም አለብኝ? የለብዎትም። ጸሎትና መድኃኒት አይጋጩም። ፀበል በሚጠመቁበት ወይም ዱዓ በሚያደርጉበት ጊዜም መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ የሕክምና ቀጠሮዎንም ያክብሩ።

ቫይረሱ በደሜ ውስጥ በምርመራ አይታይም ተብያለሁ፤ አሁንም ልመረመር? አዎ። አደጋው በእጅጉ ቢቀንስም ጨርሶ አይጠፋም፤ በተለይ ሲጋራ ለሚያጨሱና አልኮል ለሚያዘወትሩ።

ለመከላከል

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በጊዜ መጀመርና ሳያቋርጡ መውሰድ ከሁሉ የበለጠው መከላከያ ነው። ሲጋራን፣ ከጫት ጋር የሚጨሰውንም ጨምሮ መተው፣ አልኮልን ማስወገድ፣ ጥርስን በየጊዜው መታየት ይከተላሉ። ለልጃገረዶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን መሰጠት የጀመረው የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት ዋና ዓላማው የማኅፀን በር ካንሰርን መከላከል ቢሆንም፣ የጉሮሮ ካንሰር ከሚያመጡት ዋነኛ የቫይረሱ ዝርያዎችም ይከላከላል። ልጆችዎ የክትባት ጊዜ እንዳያልፋቸው ያድርጉ።

በአፍ ውስጥ የወጣ ነገር ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ይታዩ። ካንሰር ከተገኘም ሕክምናውን ይጀምሩ፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትዎንም አያቋርጡ። ሁለቱም ሐኪሞችዎ አንዱ ሌላው ያዘዘውን እንዲያውቁ ያድርጉ።